በካልሲ የተወተፉት ድምፅ ማጉያዎች

ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፬ ዓ.ም.፣ ሀርጌሳ

የበርበራው መስመር ሹፌር የልጄ ባል፣ ግድግዳ ካልተንቀጠቀጠ የሰማ የማይመስለው ይህ ደንቆሮ፣ ከዋሄን ገበያ ገዝቶ ያመጣቸውን ድምፅ ማጉያዎች ከግድግዳው ጋር ስላጣበቃቸው፣ በመንዙማው ካሴት ላይ ከተቀባዮቹ ጋር የምታዜመው የሟች ባለቤቴ ድምፅ በድቤው ነጎድጓድ ተውጦ ከርሞ ነበር። ዛሬ እርሱ ሳይኖር አንድ ክንድ ያህል አራቅኋቸው፤ የጀርባ ቀዳዳቸውንም በካልሲ ወተፍሁት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ልጄም እናቷን ለይታ አለቀሰች።

እርሱ ግን ገብቶ፣ «ወላሂ አባባ፣ ድቤውን ካልሲ አጉርሰው ገደሉት እኮ!» ብሎ እየሳቀ ካልሲዎቹን መዘዛቸው።

«ያንተን አፍ ብወትፍ ይሻል ነበር» አልሁት።

ልጄ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ፣ «ይተዉት አባባ፣ ከመንገድ ደክሞት ነው የመጣው» አለች።

ካሴቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትሁት። ግድግዳውን በፈለገው ይደብድብ፤ የባለቤቴን ድምፅ ግን ከእንግዲህ አያገኝም፤ ልጄም ብትሆን ለባሏ አድልታለችና አታገኝም...