ድንቼ ያለ እኔ ሄደ

ሰኞ

ፈረምኩ! አውራ ጣቴን ቀለም ሳልነክር፣ ስሜን በእጄ ጽፌ። ከሀና ማርያሟ ጫልቱ ጋር የባቡር ፉርጎ ለሁለት ተከራየን። ረቡዕ ድንቻችን ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። ጫልቱ የአባቷን ማሳ ምርት ነው የምትሸጠው፤ እኔ ከገበሬ እየገዛሁ እልካለሁ። ልጅ ናት፣ አትፈራም። ዛሬ እኔም አልፈራሁም።

ለግርማ ነገርኩት። የሟቹ ባሌ ወንድም ነው፣ የአይሱዙ ደላላ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ጭነቴ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። የሌላ ሰው ሲሚንቶ ድንቼ ላይ ያስጭንና «ምን ላድርግ እትዬ፣ ቦታ ጠፋ» ይለኛል። ዛሬ ሳቀ።

«ባቡር ለፋብሪካ ዕቃ ነው እንጂ ለድንች ነው እንዴ? ሲበሰብስብሽ እንዳትመጪብኝ!»

አልመጣም። ድንቹ ከበሰበሰ ንግዱን እተዋለሁ እንጂ ደጁን አልረግጥም።

ማክሰኞ

ድንች ስንለቅም ዋልን። የተቆረጠው፣ እርጥበት የነካው ሁሉ ወጣ። ወገቤ ተቆረጠ። ጫልቱ የጆንያውን አፍ በሣር ልትጠቀጥቅ ስትል፣ «ተይ፣ ያፍነዋል!» አልኳት።

«እትዬ አስኩ፣ ልጅ የምትድሪ አስመሰልሽው እኮ።»

የምድረው ልጅ የለኝም። ቢሆንም ሳቅ አመለጠኝ።

ስንቅ ቋጠርኩ፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ውሃ። ለሌሊቱ ጋቢ፣ ለድሬ ሙቀት ነጠላ።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ።

ፉርጎው ቤት ያክላል! ጎኑ ላይ አየር ማስገቢያ አለው። የመጨረሻው ጆንያ እንደገባ ስንቄን ይዤ ወጣሁና ጥግ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። በአይሱዙ ጊዜ ሁልጊዜ ጋቢና ተቀምጬ ጭነቴን እሸኛለሁ፤ ነጋዴ ሁሉ እንዲያ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ በሩን ሊዘጋ ሲመጣ አየኝ።

«ማዘር፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየሄድኩ ነዋ!»

«ሰውና ድንች አብሮ አይሄድም። የሰው ባቡር ሌላ ነው።»

«ድንቼን ማን ሊጠብቀው?»

በሩ የሚታሸግበትን ሽቦ አሳየኝ። ይቺን ቀጭን ሽቦ! ጫልቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጋቢዬን ተከናንቤ ወረድኩ።

ግን ባቡሩ ሲንቀሳቀስ… አያልቅም እኮ! ያ ሁሉ ብረት የኔን ድንች ይዞ ሲሄድ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አጨበጨብኩ መሰለኝ።

አሁን ግን ቤት ገብቼ የማስበው ሚዛኑን ነው። ድሬ ላይ የምትረከበን የዱሮ ደንበኛዬ ዘይነባ ናት። አጠገቧ ሳልቆም አንድም ቀን አስመዝኛት አላውቅም። ዓይኔ ከእጇ ተነቅሎ አያውቅም። ነገ ብቻዋን ትመዝናለች። እኔ ደግሞ ማንን አምኜ አውቃለሁ?

ሐሙስ

የዘይነባ ስልክ ዝግ ነው። ጠዋትም ዝግ፣ ከሰዓትም ዝግ።

ግርማ በደጄ ሲያልፍ ቆመ። «ድሬ ዘንድሮ ሙቀቱ ለጉድ ነው አሉ» አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ያበራል። በሩን ዘጋሁበት።

ጫልቱ መጣችና የመንገዴን ቆሎ አብረን ቃምነው። እሷም እንደኔ ፈርታለች፤ ወሬ በማብዛቷ አወቅሁባት።

ዓርብ

ደወለች!

«አቦ አንቺ ሴትዮ፣ ስንቴ ነው የምትደውይው? መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሞቶ ነበር እኮ!»

ድንቹ ደርሷል። ደረቅ ነው። ከታች ያሉት ጥቂት ጆንያዎች ሞቀው ነበር፤ ዘርግፋ ጥላ ላይ አስጥታቸዋለች። ሳልነግራት! ክብደቱን ነገረችኝ፣ እዚህ ከመዘንኩት ጋር ገጠመ። ጫልቱ እልል አለች፤ ጎረቤት የተወለደ ልጅ ያለ መስሎት ወጣ። ለግርማ አልነገርኩትም። ሲያጣራ ይዋል።

ስልኩን ልዘጋ ስል ዘይነባ፣ «ፉርጎው ባዶውን ነው አሉ የሚመለሰው። ምን ልጫንልሽ?» አለችኝ።

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

«ሎሚ» አልኩ።

ሎሚ ነግጄ አላውቅም። ጫልቱ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «እትዬ አስኩ፣ ያን ሁሉ ሎሚ ማን ይገዛናል?» አለችኝ።

እኔ እንጃ። ነገ ማለዳ ጀሞ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። እንቅልፍ እንደሆነ ዛሬም አይወስደኝም።