ደምሽን አስመርምሪልኝ

ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ። አባትሽ ደህና ነው፤ አሁንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ፍለጋ ቤቱን ያምሳል። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል፤ የሰው ቀሚስ ሰፍቼ መልሼ እተረትራለሁ።

ባለፈው ወር እህቴን፣ አክስትሽን፣ ይዤ የአንጀት ካንሰሯን የሚከታተለው ሐኪም ዘንድ ሄድን። "ሴሎቻችን ሲባዙ በውስጣቸው ያለውን መመሪያ ይገለብጣሉ፤ ሲሳሳቱ የሚያርም ጂን አለ" አላት። "የእርስዎ ግን ከተወለዱ ጀምሮ ጉድለት አለበት። ስህተቱ ሲጠራቀም ሴሉ ያለ ልክ መባዛት ጀመረ።" መድኃኒቷም ራሱ ካንሰሩን አይገድልም፤ ካንሰሩ ያዘናጋቸውን የሰውነት ተከላካዮች ይቀሰቅሳል አላት።

"እስከ ዛሬ ስቀልባቸው ተኝተው ኖሯል!" ብላ ሳቀች። የካንሰሩ እብጠት መቀነሱን ስለሰማች ደስ ብሏት ነው።

ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ፣ "እርስዎም ይመርመሩ፤ በዘር ይተላለፋል" አለኝ። ደም ሰጠሁ። ዛሬ ውጤቱ መጣ፤ ጉድለቱ እኔም ጋ አለ። አትደንግጪ፣ አልታመምኩም። አንጀቴን በየጊዜው በካሜራ ካዩት፣ ቢመጣም ከጅምሩ ይደርሱበታል። ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግን እኩል በእኩል ነው አለኝ።

እባክሽ የኔ ዓለም፣ ሥራ በዛብኝ ሳትዪ ተመርመሪ። ውጤቱ ምንም ይሁን፣ እናቴ ትጨነቃለች ብለሽ አትደብቂኝ፤ የምጨነቀው ሳላውቅ ነው።

ሰው "ቁርጥ እናቷን" ሲልሽ ስኮራ ኖሬ፣ ዛሬ ምነው በሁሉም አባቷን በመሰለች አልኩ። ፈጣሪ የእሱን ጤና ይስጥሽ።

እናትሽ