ከግድግዳው ወዲያ ለሚጫወቱት

እኔ በዚህ ቤት አርባ ስምንት ዓመት የኖርኩ፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ፣ የሟቹ የቧንቧ ሠራተኛ ሚስትና የሁለት ልጆች እናት፣ ዛሬ ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጸሐፊው በራስጌው እንዳሰፈረው፣ አራት ምስክሮች በአልጋዬ ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ ይህን ኑዛዜ በቃሌ አስጽፋለሁ። ሰውነቴ ደክሟል፤ እግሮቼም ከስምንት ሳምንት ወዲህ አልታዘዝ ብለውኛል። አእምሮዬ ግን የራሴ ነው። የሚጠራጠር ካለ በስተቀኜ የተቀመጠውን መምህር ይጠይቅ፤ የኮቱ የግራ እጅጌ ከቀኙ በግማሽ ጣት እንደሚያጥር አሁን ከተኛሁበት ነግሬዋለሁ። ሌላ ሰው ሰፍቶለት ነው።

ከዚህ በፊት ያደረግኩት ኑዛዜ የለም። አለ የሚል ቢመጣም አትስሙት።

አንደኛ፤ ስለ ቀብሬ። ቀብሬ በቅዳሜ ቀን እንዳይሆን። ዓርብ ብሞት እሑድ ጠብቁ። ምክንያቱ ወደ ታች ስታነቡ ይገባችኋል።

ሁለተኛ፤ በእጄ ስላለ የሰው ንብረት። ያልጨረስኳቸው ሦስት ልብሶች በመደርደሪያው ላይ አሉ። የሙሽራዋ ቀሚስ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው፤ ልጄ ትጨርሰዋለች። የመምህርቷ ጉርድ ቀሚስ አልቋል፤ ተተኩሶ ይሰጣት። የፖስተኛው ሱሪ እንዳለ ይመለስለት። ወገቡን ለማስፋት የቀረ ጨርቅ የለም፤ የሆዱን ነገር ራሱ ያስብበት።

ሦስተኛ፤ ስለ ቤቱ። የፊተኛው ክፍልና ፎቁ ለወንዱ ልጄ፣ ለግንበኛው ይሁን። ይህ ልጅ አባቱን አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ «አባዬ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ሙዚቃ ስትጫወቱ ማን ሰምቷችሁ ነው?» ብሎ ጠይቆታል። አባቱ ማንኪያውን እንኳ ሳያስቀምጥ «እኛ» አለው። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ያን ዕለት ሆድ ባሰኝ፤ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም ነበር። አሁን ይቅር ብዬዋለሁ። ደግሞም ክፉ ልጅ አይደለም። በሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛውን መቅረጫ አስይዞ በመስኮቱ ሥር ያቆመው አባቱ ታዋቂ ቢሆንለት ብሎ ነው። አባቱና ጓደኞቹ ሰውዬውን ያዩት ጊዜ እንዴት አበላሽተው እንደተጫወቱ ላስጽፍ አልችልም። ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ለልጄ አዘነለት።

የስፌት ክፍሌንና የኋለኛውን ክፍል በሚመለከት ግን ከመናዘዜ በፊት ሁላችሁም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ጸሐፊ፣ አታሳጥረው፤ እንዳልኩት ጻፈው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ከዛሬ አርባ አንድ ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት ሰዎች ወደ ኋለኛው ክፍል ይመጣሉ። የአውቶቡስ ሾፌሩ አኮርዲዮን፣ ፋርማሲስቱ ክላሪኔት፣ ዝምተኛው የምንለው ሰዓት አዳሽ ደግሞ ቁም ሣጥን የሚያክል ባለ ክር ቤዝ ይጫወታሉ። ሠርግ ላይ ተጫውተው አያውቁም። አዳራሽ አያውቃቸውም። ባለቤቴ «ሰሚ ከገባ እጃችን ለሰሚው ይሠራል» ይል ስለነበር በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ በስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው፤ ከወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ «ይማራችሁ» እላለሁ።

ሙዚቃ አልተማርኩም። ልብስ ግን አውቃለሁ። የሾፌሩን ሸሚዝ ትከሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ከውስጥ እደርብለታለሁ፤ የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ነው የሚበላው። በዝምተኛው ሱሪ ላይ የግራ ጉልበቱ ከቀኙ ቀድሞ ይሳሳል፤ ቤዙን የሚያስደግፈው በዚያ ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ለእንጀራው የሚለብሰው ልብስ የሚያልቅበት ቦታ ሌላ ነው። የእነዚህ ሰዎች ልብስ ግን ማንም በማያይበት፣ ማንም በማይከፍልበት ሥራ ነው የሚያልቀው። መርፌዬን ይዤ ይህን ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ እፈራ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ ይዞ አውቶቡስ ሲነዳ ተሳፋሪው ምንም አያውቅም።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግንበኛው ልጄ የኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ገዛልኝ። ድምፅ የሚባል የለውም፤ ድመት ስትተነፍስ ትበልጠዋለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ በእሱ ስሰፋ ከግድግዳው ወዲያ ጀመሩና ተደነባበሩ። እንደገና ጀመሩ፣ ተበተኑ። በሦስተኛው አቆሙ። ባለቤቴ ጆሮው ቀልቶ ወጣ።

«ያንን የድሮውን መኪና ምን አደረግሽው?»

«እዚሁ አለ። ምነው?»

«እ... ምቱ ጠፋብን። ለካ ያንቺን እግር እየሰማን ነው የምንሄደው።»

ወደ ድሮው መኪና ተመለስኩ፤ መርገጫውን ረገጥኩ። ከወዲያ እንደ አንድ ሰው ሆነው ገቡ። ፀጉሬ ቆመ። ያን ቀን፣ ማንበብ በማልችለው የሙዚቃ ወረቀት ላይ የእኔም ድርሻ እንዳለ አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ የሚሰፋ ጨርቅ በሌለበት ቅዳሜ እንኳ ባዶውን ረግጫለሁ። ታምሜ ረግጫለሁ። እህቴን በቀበርኩ ማግስት ረግጫለሁ።

ባለቤቴ ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞት፣ ለሦስቱ «ከእንግዲህ ቫዮሊን የለም፤ አትልፉ» አልኳቸው። በሳምንቱ መጡ። ያው ዜማ ነው የተጫወቱት። የእሱ ቫዮሊን ብቻውን የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ሦስቱም ዝም አሉ። ልክ የእሱን ያህል ጠብቀው፣ ልክ እሱ በሚያበቃበት ላይ ገቡ። ቦታውን ማንም አልወሰደበትም፤ እስከ ዛሬም አልወሰዱበትም። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ እየረገጥኩ አለቀስኩ፤ እግሬ ግን አልተሳሳተም። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም።

ስምንት ሳምንት ሆነኝ እግሬ ከከዳኝ። መኪናው ከአልጋዬ አጠገብ ዝም ብሏል። እነሱ ይመጣሉ፣ ይጫወታሉ፤ ነገር ግን ቀስ ብለዋል። ቀድሞ የሚሮጡበትን አሁን በእርምጃ ይሄዱታል። ምቱ እየጠፋቸው እንደሆነ ይሰማኛል። እኔ ከሞትኩ ይበተናሉ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስለዚህ አራተኛ። የስፌት ክፍሉና የኋለኛው ክፍል ለሴቷ ልጄ፣ ለነርሷ ይሁን። የምትወርሰው ግን በግዴታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በመኪናዬ ላይ ተቀምጣ ትረግጣለች። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ከቀረች ድርሻዋ ወደ ወንድሟ ይዛወር፤ እሱም ግድግዳውን አፍርሶ ሱቅ ያድርገው። ሸክሙ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ሊያደርጋት እንደሚፈልግም አውቃለሁ፤ ደብዳቤው በቦርሳዋ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር እሷ የውኃ ብርጭቆ ይዛ በበሩ አጠገብ ቆማለች። «እሺ እማዬ» አለች፤ አንገቷን ደፍታ።

አምስተኛ፤ የባለቤቴ ቫዮሊን የእሷው ነው፤ ለዚህ ግዴታ የለበትም። ሰው የለም ብላ በምታስብበት ሰዓት ኩሽና ገብታ እንደምትጫወተው አውቃለሁ። እንዳታፍር፣ የማልሰማት እንዲመስላት ብዬ ነው እኔ ከዚህ ሆኜ ብቻዬን ጮክ ብዬ የማወራው። እብድ አይደለሁም፤ ምስክሮች ሆይ፣ ይህም ይመዝገብልኝ።

እዚህ ላይ ሳለን ፋርማሲስቱ ገባ። ከዘጠኝ ሰዓት ቀድሞ የመጣው እንዴት እንዳደርኩ ሊጠይቅ ነው። እሱንም የሚመለከት ስለሆነ ጸሐፊው አራተኛውን አንቀጽ እንዲያነብለት አዘዝኩ። እያነበበለት ሳለ ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። የተባባልነውን እንዳለ አስጽፋለሁ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይኼን አያስጽፉ» አለ።

«የቱን?»

«የመኪናውን። ልጅቷን በማይሆን ነገር አያስሯት። ምት ጠፍቶን አያውቅም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዝምተኛው እያለ ምት እንዴት ይጠፋናል? ሰዓት አዳሽ እኮ ነው!»

«ታዲያ ያን ዕለት መደነባበራችሁ?»

«አፍረን ነዋ። መኪናዎ ዝም ሲል፣ ሥራ አቁመው ቁጭ ብለው የሚሰሙን መሰለን። ጣቴ ቀዳዳውን አልዘጋ አለኝ። ባለቤትዎን ‹ሂድና አትስሚን በላት› አልነው። ‹ሚስቴን እንዴት አድርጌ አትስሚኝ እላታለሁ?› ብሎ ተቆጣን። የምቱን ነገር በሩ ጋ ሲደርስ ነው የፈጠረው።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!»

«መኪናው ሲንኳኳ፣ እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው ብለን በነፃነት እንጫወታለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ እግሬ ይርገጥ እንጂ ጆሮዬ እኮ አንድም ቀን ከእናንተ ተለይቶ አያውቅም!»

ደነገጠ። ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «እነዚህስ ስምንት ቅዳሜዎች? ቀስ ያላችሁትስ?» አልኩት።

ይህን ሲመልስ አላየኝም፤ ባርኔጣውን ነበር የሚያየው።

«በመጀመሪያው ቅዳሜ መኪናው ዝም አለ። ተኝተው እንደሚሰሙን ሦስታችንም ገባን። ሾፌሩ ‹ዛሬስ ሰሚ አለን፤ እንሂድ?› አለ። ዝምተኛው ነው እንግዲህ፣ እሱ ነው የተናገረው፤ ‹ይስሙን› አለ። አርባ አንድ ዓመት ለማንም ተጫውተን አናውቅም። ቀስ ያልነው ምንም እንዳያመልጥዎ ብለን ነው።»

ጸሐፊ፣ ብዕርህን አስቀምጥ። ቆይ።

ጻፍ። ለሦስት ሰዎች ምት የምጠብቅ መስሎኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ረገጥኩ፤ ተሳስቼ ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ባለቤቴም ከጉድጓዱ ወጥቶ መልስ ቢሰጠኝ ደስ ባለኝ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ለሬዲዮ ያልሰጡትን፣ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ያልሰጡትን፣ አልጋ ላይ ለወደቀች አንዲት ልብስ ሰፊ ስምንት ጊዜ ሰጥተዋታል። እሷ ደግሞ ተኝታ ስሕተት ስትለቅምባቸው ከርማለች። እንዲህ ያለ ክብር ለእኔ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ የአራተኛው አንቀጽ ግዴታ ተሰርዟል። ጸሐፊው ሁለት መሥመር ያስምርበት፤ ምስክሮችም ስረዛውን ያረጋግጡ። ሁለቱ ክፍሎች ያለ ምንም ግዴታ የልጄ ናቸው። መኪናውን ብትፈልግ ትስፋበት፣ ባትፈልግ ትሽጠው። ለደብዳቤውም ዛሬውኑ እሺ ብላ መልስ ትስጥ። «እማዬ፣ ደብዳቤውን መቼ አየሽው?» ትላለች። የቦርሳሽን ዚፕ ስቀይር ነዋ! ልጄ ሆይ፣ አንድ ሰው በተሳሳተ ነገር ሊያስርሽ ሲል አንገትሽን አትድፊ፤ ያ ሰው እናትሽም ብትሆን ተናገሪ።

ግንበኛው ልጄን አንድ ነገር አደራ እለዋለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ወደ ኋለኛው ክፍል የሚያስገባውን ደረጃ መውጣት እስከቻሉ ድረስ ግድግዳው አይፈርስም። ቁልፉም ከዝምተኛው ዘንድ ይሁን።

ሌላ የምጨምረው የለም። የተናገርኩት ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

የጸሐፊው ማረጋገጫ፤ ኑዛዜው ተጽፎ የተጠናቀቀው ልክ በዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የተፈረመው ግን በአሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው። የሰዓቱ ልዩነት የጽሕፈት ስሕተት አይደለም። ተናዛዧ ብዕሩን ከተቀበሉ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ መጫወት ስለተጀመረ፣ «ለእኔ ነው የሚጫወቱት፤ ሌላ ነገር እየሠራሁ አልሰማቸውም» ብለው ብዕሩን በብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡ። እኔም አራቱም ምስክሮች ወደ ሌላ ጉዳያችን መሄድ እንችል ነበር፤ አልሄድንም። ለዚህም በአንድነት እንፈርማለን።

የተናዛዧ ፊርማ
የመምህሩ ፊርማ
የዳቦ ጋጋሪው ፊርማ
የአዋላጇ ፊርማ
የጎረቤቷ የጡረተኛዋ ፊርማ
የጸሐፊው ፊርማና ማኅተም