የራዲያተሩ ዋጋ

ሰበታ፣ ኅዳር 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ነገ የዓይን ቀጠሮ ያለውን አባዬን ዛሬ ከተፍኪ ላመጣው ነበር። መካኒኩ ኦቦ ቶላ ትናንት እየሞቀች ለምታስቸግረኝ መኪናዬ የራዲያተርና የውሃ ፓምፕ ዋጋ ሲነግሩኝ ጮኽኩባቸው። «በተቃውሞው መንገድ ሊዘጋ ነው ተብሎ ሰው ይገፈፋል እንዴ?»

«ልጄ፣ እኔም ከመርካቶ በውድ ነው የማመጣው። ዛሬውኑ አሠሪው» አሉኝ።

እኔ ግን እልህ ይዞኝ በታክሲ ቡራዩ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። እዚያማ ጭራሽ ይብሳል። ዛሬ ጠዋት አፍሬ ወደ ኦቦ ቶላ ተመለስኩ። ሳይቀየሙ፣ በዚያው ዋጋ ሠሩልኝ። መኪናዋ አሁን አትሞቅም፤ የተፍኪ መንገድ ግን እኩለ ቀን ላይ በድንጋይ ተዘጋ። ትናንት ባሠራት ኖሮ አባዬ አሁን እዚህ ነበር።

ስደውል እማዬ አነሳች። «መዘጋቱን ብነግረውም አልሰማኝም። ‹መኪና አላት፣ ትመጣለች› እያለ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ተቀምጧል» አለችኝ።