ማታ ማታ ቤቷ ናት

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን። ጠዋት የጀመረው ካፊያ አላባራም። ቤት ያለነው እኔና ፌንጣ የምንላት ታናሽ እህትህ ነን፤ የድሮ ትምህርት ቤትህ ርእሰ መምህሯ ገና አሁን መውጣታቸው ነው።

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፤ ብርድ አይድፈርህ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው የሚያፈሰው በአልጋህ በኩል ስለሆነ ማንም አይረጥብም።

ርእሰ መምህሯ የመጡት ለፌንጣ ነው። ፈተናውን ስላለፈች አንተ የተማርክበት የልዩ ተሰጥኦ ልጆች ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ተቀብሏታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ፊቴን አይተው፣ «ምን አሳሰበዎት? አዳሪ አይደለም እኮ፤ ማታ ማታ ቤቷ ናት» አሉኝ።

«ወንድሟም ማታ ማታ ይመጣ ነበር» አልኳቸው።

ፌንጣ ከት ብላ ሳቀችና፣ «እማዬ ደግሞ፣ እኔ እንደ እሱ ጎበዝ አይደለሁም፤ የትም አልሄድ» አለች። ይህን ስትል ነው እሺ ያልኩት። እኔን ለማጽናናት ብላ ራሷን ያሳነሰችን ልጅ እንዴት ልከልክላት?

እባክህ ጻፍላት። የዚያን አገር ደጉን ብቻ አትንገራት፤ ምን እንደናፈቀህም ንገራት። ዕድሜህን ያርዝመው፤ እግርህን ወደ ቤትህ ያቅናው።

ደብዳቤውን ሳልልከው ነጋ። ረቡዕ ጠዋት ጸጉሯን ጎንጉኜ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረስኳት። ዞራ ሳታየኝ ገባች። እኔም ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው፣ «እናት፣ የሚለቀቁት አመሻሽ ላይ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።