እማዬ ሽቅብ የምትወጣበት ቦታ

ኖቬምበር 8 ቀን 1952።

እማዬ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ማውጣት ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት።

ይድረስ ለወንድሜ ለአሎንዞ። እንዴት ነህ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ የቺካጎ ብርድ እንደገና ቀሰቀሰብህ? ኦዜላስ እንዴት ናት? እግሯ ማበጡን ጽፈህልኝ ነበር፤ ከወለደች በኋላ ጎደለላት? ሕፃኗ ጡት በደንብ ትጠባለች? ክላረንስስ ትምህርት ቤቱን ወደደው? ጣሪያችሁ ተጠገነ ወይስ አሁንም ከሥሩ ባልዲ ታስቀምጣላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። በጥጥ ለቀማው ሰሞን ጉልበቴ እንደ ልማዱ አስቸግሮኝ ነበር፤ ለቀማው ስላለቀ አሁን ይሻለኛል። እማዬም በአካሏ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ዶሮዎቿን ትቆጣለች። በሌላው ግን ደህና ናት ብዬ አልዋሽህም። የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

አስቀድሜ መርዶውን ልንገርህ። ዲያቆን ፕሩዊት ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። አንደኛውን አስረው ነበር። ቀብራቸው ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ይህን የምጽፈውም ከቀብር መልስ ለሚበላው ሁለት የስኳር ድንች ኬክ እየጋገርኩ ነው፤ አንዱ ወጥቷል፣ ሁለተኛው ገና ምድጃ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ቅባት ካየህ ከዚያ ነው።

የዘፈንክበት ሸክላ እዚህ የደረሰው በሴፕቴምበር ነው። ላቬራ መሸታ ቤት ያለውን ሳንቲም የሚበላ የሸክላ ማጫወቻ የሚሞላው ሰውዬ አዲሶቹን ይዞ መጥቶ ሲቀይር እኔም ዓሣ ልገዛ ገብቼ ነበር። ሰውዬው ለላቬራ ሲያብራራላት፣ ድሮ ዝርዝሩ ላይ የኛ የጥቁሮቹ ዘፈን የዘር ሙዚቃ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ አሁን ስሙን ቀይረው ሪትም ኤንድ ብሉዝ ብለውታል ይላታል። እሷም ስሙን ሲቀይሩት ዋጋውንም ቀየሩት ወይ አለችው። የለም፣ አሁንም አምስት ሳንቲም ነው አላት። «እንግዲያው እኛው ነን፤ ክተተው» አለችው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ያንተ ሸክላ ጀመረ። መጀመሪያ ጊታሩ ሲጮህ አባዬ ትዝ አለኝ። ግድብ ሥራ ላይ በቅሎዎቹን ሲጣራ እንዲያ ነበር የሚጮኸው፤ ድምፁን ያረዝምና መጨረሻው ላይ ይሰብረዋል። ኤሌክትሪክ ብታደርግበትም አወቅሁት። ድራሙ ገባ፣ ሳክስፎኑ ገባ፣ ሰዉ በትከሻው መነሣት ጀመረ። ከዚያ አንተ አፍህን ከፈትክ። ቃሉ በባቡር ጥላህ ስለሄደች ሴት ነው። ዜማው የኤዝራ እንጉርጉሮ ነው። ዓሣዬን ላቬራ ቤት ትቼ ወጣሁ።

ያኔ ሰባት ዓመትህ ስለነበር ምን ያህሉን እንደምታስታውስ አላውቅም። ስለዚህ ምንም እንደማታውቅ አድርጌ ልንገርህ። በሃያ ሰባቱ ጎርፍ ወንዙ ግድቡን ጥሶ ሲመጣ ሰውም ከብትም ግድቡ አናት ላይ ነበርን፣ በድንኳን። አባዬንና ሌሎቹን ወንዶች ዘበኞች በጠመንጃ እየጠበቁ የአሸዋ ከረጢት ያሸክሟቸው ነበር። ታናሻችን ኤዝራ በሳንባ ምች ሞተ። አራት ዓመቱ ነበር። የሚቀበርበት ደረቅ መሬት አልነበረም። ፕሩዊት፣ ያኔ ገና ዲያቆን አልሆኑም፣ ጀልባ ለምነው አገኙና ሬሳውን በብስኩት ሳጥን አድርገው ከውሃው ማዶ ወዳለው ጉብታ ወሰዱት። እማዬ አብሬ ልሂድ ብትል ዘበኛው ከለከላት። የግድቡ ጫፍ ላይ ቆማ አንጎራጎረች። ቃል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ጀልባው እየራቀ ሲሄድ ድምጿ እንዲደርስ መሃሉ ላይ ሽቅብ ወረወረችው። የዜማው መታጠፊያ ሽቅብ የሆነው ለዚህ ነው፤ ለሌላ አይደለም።

እኔ እጅህን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አብሬያት አንጎራጎርኩ። ዘበኞቹ እያዩን ይሳሳቁ ነበርና አፈርኩ። እሷ ሽቅብ ስትወጣ እኔ ቁልቁል ወረድኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቀዋለህ። በየቀብሩ እማዬ ታወጣዋለች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተቀብሎ እየጎተተ ያነሣዋል። እኔ ከተቀባዮቹ መካከል ሆኜ መታጠፊያው ላይ ሁልጊዜ ቁልቁል ነው የምወርደው። ላርመው ሞክሬ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ እንዲያው ለመደው። በሰው ብዛት ስለሚሸፈን ማንም አልሰማኝም ብዬ ኖርኩ።

ከዚያ ባለፈው ፌብሩዋሪ ላቬራ ቤት ደወልክ። ሰው ልካ አስጠራችኝ። «ቨርኒ፣ የኤዝራን እንጉርጉሮ እስቲ አሰሚኝ፤ መሃሉ ጠፋብኝ» አልከኝ። አገር ቤት ናፍቆህ ነው ብዬ አሰብኩ። አጠገቤ ሰዎች ዓሣ እየበሉ ስለነበር አፌን በእጄ ከልዬ አሰማሁህ። ሦስት ጊዜ አስደገምከኝ። አንድ ሰው ከኋላህ «አገኘኸው?» ሲልህ ሰምቻለሁ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳገኘህ አልጠየቅሁህም። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ አንተ ላይ አልጥለውም።

ኦክቶበር አሥራ ዘጠኝ እሑድ ነው። የቅዱስ ቁርባን ቀን ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። እማዬ ነጭ ልብሷን ለብሳ ከእናቶች ወንበር ተነሣችና እንጉርጉሮውን አወጣች። የመጀመሪያውን ስንኝ ሰዉ እንደ ወትሮው ተቀበላት። መታጠፊያው ላይ እሷ ሽቅብ ስትወጣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ቁልቁል ወረደ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ደግሞ ልክ እንደ ሸክላው ድራም በእግራቸው ወለሉን ይመቱ ጀመር። ለቀልድ እንዳይመስልህ፤ እግራቸው ነው ያሳታቸው። አሮጊቶቹ እንኳን ወረዱ። እማዬ ብቻዋን እላይ ቀረች። ድምጿ ትንሽ ቆየና ተሰበረ። ተቀመጠች፤ ባርኔጣዋን አስተካከለች፤ እስከ ቡራኬው ድረስ ወለሉን ስታይ ቆየች።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እኅት ሉዲን፣ በሕይወቷ ላቬራ ቤት ረግጣ እንደማታውቅ ስትምል የኖረችውን፣ «አንቺስ ያንን መታጠፊያ ከየት ተማርሽው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ምን ላድርግ? የመኝታ ቤቴ መስኮት ከላቬራ ጀርባ ነው፤ ጆሮዬን በጨርቅ ልጠቅጥቀው?» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

 ቤታችን በር ላይ ስንደርስ እማዬ «አሎንዞ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ላጽናናት ፈልጌ፣ አሎንዞ ያን ሁሉ ዘመን አልረሳውም ማለት ነው አልኳት። አየችኝና ወደ ዶሮዎቿ ሄደች። የዋሸሁትን ውሸት ያመነችልኝ መሰለኝ።

ረቡዕ ዕለት የዲያቆን ፕሩዊት ባለቤት መጣች። ባሏ በጋ ላይ አደራ ብለዋት ነበር። የእማዬን ስም ጠርተው «ስቀበር ቴምፒ ታውጣልኝ፤ ጀልባው ላይ ሆኜ እንደሰማሁት አድርጋ» ነው ያሉት። እማዬ የሴትዮዋን ሁለት እጅ ይዛ እምቢ አለች። «ፕሩዊት ልጄን በእጁ የቀበረ ሰው ነው። እምቢ ማለቴ ለእሱ አይደለም። የሚቀበለኝ ሰው የለም» አለች። ሴትዮዋ አልቅሳ ሄደች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ስለ ስልኩ አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት ነጭ ልብሷን ስተኩስላት ከጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቨርኒ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ የምታወጪው» አለችኝ። አልችልም አልኳት። «ምን ማለትሽ ነው አልችልም? ቺካጎ ድረስ አውጥተሽው የለ» አለች።

ካውያውን አስቀመጥኩት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ድምጿን እንኳን አላነሣችም። «እዚያ ሸክላ ላይ ያለው መታጠፊያ የኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ከኋላዬ ቁልቁል ስትወርጂ ሰምቼሻለሁ። ድስት ስታጥቢም ትወርጃለሽ። እኔን ማሞኘት ትተሽ ካውያውን አንሺ፤ ልብሴን ታቃጥይዋለሽ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «ያፈረን ሰው እየነገሩ ማሳፈር ምን ይጠቅማል? አንድ ቀን ራስሽ ትወጪዋለሽ ብዬ ነው» አለች።

ቀጥላ፣ «ረስቶት ነው የጠየቀሽ?» አለችኝ። ያን ጊዜ መዋሸት አቃተኝ። መሃሉን ብቻ ነው የረሳው አልኳት። እማዬም፣ «ኤዝራ ያለው እኮ መሃሉ ላይ ነው» አለች።

አንተን ላሳዝንህ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ። ከእኔ ስትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ከዚያ ቁሚ አለችኝ። ሳህን ማጠቢያው አጠገብ አቁማኝ ልታሳየኝ ጀመረች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ አፏን ከፈተች፤ ወጣች፤ ግን እላይ ስትደርስ ድምፅ የለም። አፏ እንደተከፈተ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው። «አየሽ፣ ከሥር ተቀባይ ካልያዘኝ አልቆምም» አለች። እኔም ሞከርኩ። ጉሮሮዬ አሁንም ቁልቁል ሄደ። አራት ጊዜ ሞከርን። በአራተኛው ላይ ትንሽ ከፍ ያልኩ መሰለኝ፤ እሷ ግን ጥሩ ነውም አላለች፣ መጥፎ ነውም አላለች። ልብሷን ለበሰች።

አሁን ነገሩ ይህ ነው አሎንዞ። ዲያቆን ፕሩዊት ከሞቱ በኋላ ያ መታጠፊያ በእማዬ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ከጉሮሮዋ አይወጣም። በየከተማው የሚሰማው የኔ እፍረት ነው። ዛሬ ካልወጣሁት ከእሷ ጋር ይቀበራል።

ሸክላውን ይሰብሩት አልልህም። ሥራህ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ነው። አንድ ቀን ላቬራ ቤት በር ላይ ሳልፍ እግሬ ሳላዝዘው ሲመታ ይዤዋለሁ። ልጅ ሆነህ ከመጥረጊያው የፈታኸውን ሽቦ ግድግዳው ላይ ቸንክረህ በጠርሙስ አንገት ስታስጮኸው እማዬ «ያ ነገር ቤቴን ያፈርሰዋል» እያለች ሽቦውን አንድም ቀን እንዳልነቀለችው አስታውስ። ምስማሩ ዛሬም አለ። የአባዬን ባርኔጣ ሰቅላበታለች። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሷ በሕይወት እያለች ና። ግድቡ ላይ አብረሃት ቁምና መሃሉን ከራሷ ስማ። በስልክ አይሆንም።

ኦዜላን ሳምልኝ፤ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ በላት። ክላረንስን እማዬ የሠራችለት ካልሲ ለገና ይደርስልሃል በለው፤ ቢሰፋው አይነጫነጭ፣ ያድግበታል። ሕፃኗን በግንባሯ ሳምልኝ። አክስት ፐርሊ ለላከችልኝ የጉልበት ቅባት እግዜር ይስጥልኝ፤ ይሸታል ግን ይሠራል። ያንን ሳክስፎን የሚነፋውን ጓደኛህን ስሙን ባላውቀውም ሰላም በልልኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ለፎቁ ጎረቤታችሁም…

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። የቀሩትን አንተው ሰላም በልልኝ። ሁለተኛው ኬክ ገና አልበሰለም፤ ላቬራ መጥታ ታወጣዋለች፣ ካልመጣችም ይረር። እማዬ ባርኔጣዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። «የፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፣ ድምፄ ቢሄድ ጆሮዬ አለ» ትላለች። እኔ ከቆምኩ ከሥሬ ትቀበለኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። «መጀመሪያ ሽቅብ ውጪ» አለችኝ።

ሄድኩ።

እኅትህ ቨርኒስ
ከግድቡ ሥር፣ ከግሪንቪል በታች፣ ሚሲሲፒ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል