የአባባ ጃኬት ልክ

ይድረስ ለወንድሜ ለመልሰው። ሰላምታዬ የሰቆጣን ዳገት ወርዶ ባሕር ዳር ቤትህ ይግባ፤ እኛ ደህና ነን።

ለአባባ ለምታሰፋላቸው የቆዳ ጃኬት ጉባኤ ተቀምጠን ለካናቸው። አምና ለኮት ሲለኩ ዘጠና ስምንት ሴንቲ የነበረው ደረታቸው ሰማንያ ስድስት ሆነ። ሜትሩን ሐሰተኛ ብለን ከጎረቤት ሌላ ተዋስን፤ እሱም አደመብን። አባባ ሁለት ሹራብ ደረቡና "አሁን ለኪ፣ አንቺ ነገረኛ! ለልጄ ይህን ጻፊለት" አሉ። ዘጠና አምስት ወጣ።

ስፌቱ ሁለት ወር እንደሚፈጅ ከደብዳቤህ ሳነብላቸው ግን ሳቁ፤ "እንግዲያስ ልጄ መልሰው በራሱ ልክ ያሰፋው" አሉ።

አንተ በሰማንያ ስድስት እዘዝ። ሰፊውንም አጣድፈው። ሲያልቅ በሰው አትላከው፤ ራስህ ይዘኸው ና።

እግዜር በጤና ያገናኘን።
እህትህ ሰርክአዲስ